ቀጰዶቅያ ለአንድ ቀን፦ እናቴ ከምድር በታች ወዳለው ከተማ ትውረድ ወይስ ትቅር?

ጥያቄ፦ የጠባሴ ነጋዴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ለንግድ ሥራዬም በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ኢስታንቡል እመላለሳለሁ። በመጪው ጥቅምት ግን እናቴን ይዤ ለመሄድ አስቤአለሁ። እርሷ ስለ ገበያውም ሆነ ስለ ከተማው ብዙም ግድ የላትም፤ ነገር ግን አንድ ማታ ስለ ቀጰዶቅያ ዋሻዎች ሳወራላት «በጰራቅሊጦስ ዕለት ስሙ የሚነበበው አገር ነው?» ብላ ጠየቀችኝና ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአፏ አልጠፋም። ዛሬ ካፓዶክያ የሚባለው ያው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 የተጠቀሰው አገር መሆኑን ካረጋገጥሁላት በኋላማ ጉዞው የእኔ መሆኑ ቀርቶ የእርሷ ሆኗል።

ችግሬ ጊዜና ጉልበት ነው። ከኢስታንቡል በማታ በረራ ሄደን ጎሬሜ በምትባለው የካፓዶክያ ከተማ ሁለት ሌሊት ማደር እንችላለን፤ ለጉብኝት የሚተርፈን ግን አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ነው። አስጎብኚ ድርጅቶቹ በብዛት የሚያቀርቡት ሁለት ዓይነት የአንድ ቀን ጉዞ መሆኑን አይቻለሁ፤ አንደኛውን «አረንጓዴ»፣ ሌላውን «ቀይ» ይሏቸዋል። አረንጓዴው ደሪንኩዩ ወይም ካይማክሊ ወደተባለው ከምድር በታች ወደተፈለፈለ ከተማና ወደ ኢህላራ ሸለቆ የሚወስድ ሲሆን፣ ቀዩ በጎሬሜ ዙሪያ ያሉትን የዋሻ አብያተ ክርስቲያናትና የድንጋይ ዓምዶች ያሳያል።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ደብረ ሊባኖስ ላይ ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋሻ የሚያወጣውን ዳገት በምርኩዝ ወጥታዋለች፤ ቁልቁለቱ ግን ጉልበቷን ሦስት ቀን አሳመማት። ሰው በተጨናነቀበት ዝግ ቦታ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ትንፋሽ ያጥራታል። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛውን ብመርጥ ይሻላል? ከምድር በታች ወዳለው ከተማስ ላስገባት ወይስ እኔ ወርጄ እስክመለስ እርሷ ላይ ሆና ትጠብቀኝ? ከቡድን ጋር መሄዱ ይበጃል ወይስ መኪና ከነሹፌሩ መከራየቱ? የሄዳችሁበት ካላችሁ ያያችሁትን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ የአንኮበር ሰው

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ጉዞዎች በተከታታይ ቀናት ከቡድን ጋር ሄጄባቸዋለሁና የማውቀውን ልንገርዎ።

አረንጓዴው ጉዞ ረጅም ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከሆቴላችን ወስደውን የመለሱን አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ነበር። ኢህላራ ሸለቆ በጠቅላላው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው ቡድኖች የሚሄዱት ሦስት አራት ኪሎ ሜትሩን ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ወንዙ ዘንድ ለመድረስ አራት መቶ ገደማ ደረጃ መውረድ የግድ ነው። የጀማን ወንዝ ሸለቆ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ያየ የእኛ አገር ሰው በጥልቀቱ አይደነግጥም፤ ልዩ የሚያደርጉት በገደሉ ግራና ቀኝ የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናትና ሥር ሥሩን የሚፈሰው የመለንዲዝ ወንዝ ናቸው። ቁልቁለት የሚያመው ሰው ግን ዛፉንም ወንዙንም ሳያይ ደረጃ ሲቆጥር ይውላል። በዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ ሰሊሜ የሚባለው ገዳም አለ፤ እርሱም ብዙ እግር ያለሰለሰውን ድንጋይ እየቧጠጡ የሚወጡት ነው። ይህን ጉዞ ለእናትዎ አልመክርም።

ወደ ደሪንኩዩ ስመጣ፣ ስሙ በቱርክኛ «ጥልቅ ጉድጓድ» ማለት ሲሆን ከተማው እስከ 85 ሜትር ወደ ታች ይዘልቃል፤ ለጎብኚ ክፍት የሆነው ግን ከፊሉ ብቻ ነው። ወደ 20,000 የሚደርስ ሰው ከከብቱና ከስንቁ ጋር ይይዝ እንደነበር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ነዋሪ ቤቱን ሲያድስ ግድግዳ ቢያፈርስ ከወዲያ በኩል መተላለፊያ ስላገኘ እንደታወቀና በ1969 ለጎብኚዎች እንደተከፈተ አስጎብኚያችን ነግሮናል። የላይኛው ፎቅ ሰፊ ነው፤ ከብት የሚታሰርበት በረትና ወይን የሚጠመቅበት ገንዳ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ በታች ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ትከሻዬ ግራና ቀኙን ግድግዳ እየነካ፣ ጀርባዬ ጣሪያውን እየፋቀ፣ አጎንብሼ ነው የወረድሁት፤ ስወጣ ጃኬቴ ዱቄት የተነፋበት ይመስል ነበር። መሀል ላይ ስንደርስ ከታች የሚወጣ ቡድን ገጠመንና ስድስት ሰባት ደቂቃ ያህል እንደጎበጥን ቆምን። ከኋላዬ የነበረች ጎብኚ ትንፋሽ አጠረኝ ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ እንዳትመለስ ከበስተኋላዋ ሃያ ሰው ቆሟል።

ጥበቱ ሆን ተብሎ የተሠራ መሆኑ የገባኝ የመዝጊያውን ድንጋይ ሳይ ነው። በመተላለፊያው ጎን ምጣድ የሚመስል፣ ነገር ግን ቁመቱ ከሰው ወገብ የሚያልፍ ክብ ድንጋይ ቆሟል፤ ክብደቱ እስከ 500 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የሚንከባለለው ከውስጥ በኩል ብቻ ሲሆን መሀሉ ላይ በጦር መውጊያ የሚመስል ቀዳዳ አለው። እያንዳንዱ ፎቅ ለብቻው ስለሚዘጋ፣ ጠላት ጥሶ ቢገባ እንኳ አጎንብሶ አንድ በአንድ ከመምጣት በቀር አማራጭ አልነበረውም። አስጎብኚ ባይኖረኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ተራ ጉድጓድ ብዬ አልፈው ነበር፤ ስለዚህ ሌላው ቢቀር ለዚህ ቦታ አስጎብኚ ይያዙ። እናትዎ ግን ላይ ሆነው ሻይ እየጠጡ ቢጠብቁዎ ይሻላል።

መልስ፦ መምህር ከሞላሌ

የአንኮበሩ ወንድማችን የተናገሩት ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው እናትዎ ቀዩን ጉዞ ቢሄዱ ቀረብኝ የሚሉት ነገር እንደሌለ ለማስረዳት ነው።

ዛሬ ካይሴሪ የምትባለው ከተማ የጥንቷ ቂሳርያ ናት፤ ቅዳሴውን በየቤተ ክርስቲያናችን የምንሰማው ቅዱስ ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ379 እስካረፈ ድረስ ሊቀ ጳጳስ የነበረው በዚህች ከተማ ነው። የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ወንድሙ ነው፤ የናዚያንዙ ጎርጎርዮስም ጓደኛው ነበር፤ ሁሉም የዚያ አገር ልጆች ናቸው። የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ አባትም ከቀጰዶቅያ እንደነበር ይነገራል። እናትዎ እነዚህን ስሞች ከእኔና ከእርስዎ በተሻለ ያውቋቸዋል ብዬ አስባለሁ፤ አስጎብኚው ስለ ሌላ ነገር ሲያብራራ እርሳቸው በልባቸው ሌላ ታሪክ እያነበቡ ይሄዳሉ።

በጎሬሜ የክፍት አየር ሙዚየም የሚባለው ግቢ ውስጥ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ከሁሉም ይበልጥ እንዲታይ የምፈልገው «ጨለማው ቤተ ክርስቲያን» የሚባለውን ነው፤ በአንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ብርሃን ስለሚገባው ሥዕሎቹ ቀለማቸው ሳይለቅ ቆይተዋል። መግቢያው ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፤ ብዙ ቡድኖችም ይህን ሰበብ አድርገው ያልፉታል። እርስዎ አይለፉት። በሌላው ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ ቴዎድሮስ ዘንዶውን ሲወጉ ተሥለዋል፤ በቅድስት ባርባራ ደግሞ በቀይ ቀለም ብቻ በድንጋዩ ላይ የተሣሉ መስቀሎች አሉ።

ላሊበላን ያዩ ከሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይታይዎታል። የእኛዎቹ ከላይ ወደ ታች ተቆርጠው ከዐለቱ ተለይተው የወጡ ሲሆኑ፣ የዚያ አገሮቹ በዐለቱ ጎን ገብተው እንደ ክፍል የተፈለፈሉ ናቸው። ድንጋዩ ኤርጂየስና ሃሳን ከሚባሉት ተራሮችና ከሌሎች እሳተ ገሞራዎች የወጣ አመድ ተጠራቅሞ የረጋ ነው፤ ሲቆርጡት ለስላሳ ስለሆነ በቀላል መሣሪያ ይፈለፈላል፣ አየር ሲያገኘው ደግሞ ይጠነክራል። እነዚያ ባለ ባርኔጣ የሚመስሉ የድንጋይ ዓምዶችም የተፈጠሩት ከላይ ያለው ጠንካራ ድንጋይ ከሥሩ ያለውን ለስላሳውን ከዝናብ ስለጋረደው ነው።

አንድ ነገር አስቀድመው ይንገሯቸው። እነዚህ ቦታዎች ሙዚየም ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1923 በግሪክና በቱርክ መካከል በተደረገው የሕዝብ ልውውጥ የአካባቢው ክርስቲያኖች ከወጡ ወዲህ አገልጋይ የላቸውም። ጧፍ ማብራት፣ ግድግዳውን መሳለም፣ በውስጥም ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ከእኔ ጋር የሄዱ አንዲት እናት ሥዕሉን ሊሳለሙ ጠጋ ሲሉ ጠባቂው ከለከላቸው፤ እርሳቸውም ተመልሰው ወጡና ከውጭ ያለውን የበሩን መቃን ሁለት ጊዜ ተሳልመው ሄዱ። የብዙዎቹ ቅዱሳን ዓይንና ፊት ተፍቆ ሲያዩም ያዝናሉ፤ ድንገተኛ እንዳይሆንባቸው።

መልስ፦ የሰላ ድንጋይ ልጅ

ሁለቱም መልሶች ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም ሁሉም ሰው እናትየውን ሳይጠይቅ ስለ እናትየው የሚወስነው ለምንድን ነው? የእኔ እናት 70 ዓመት አልፏታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ወደ ጻድቃኔ ማርያም በእግሯ ስትሄድ የኖረች ናት። ደሪንኩዩ ላይ ሁላችንም «ይቅርብሽ» ስንላት «ሰው ለሃይማኖቱ የተደበቀበትን ቦታ በር ላይ ቆሜ ልመለስ?» አለችን። የመጀመሪያውን ፎቅ፣ በረቱንና ሰፋፊዎቹን ክፍሎች አይታ፣ ጠባቡ መውረጃ ሲጀምር በራሷ ፈቃድ ተመለሰች። ሁሉን ካላዩ አይገባም የሚል ሕግ የለም።

ስለ ምግቡ ማንም አላነሳም። ጥቅምት ላይ የሚሄዱ ከሆነ እናትዎ ጽጌን ይጾሙ ይሆናል፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። በአረንጓዴው ጉዞ ምሳ የሚበላው በወንዙ ዳር በሊስርማ በምትባል መንደር ሲሆን የታወቀው ምግባቸው ዓሣ ነው። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ እናቴ ግን አልነካችውም። የምስር ሾርባቸው ለእኛ አፍ የሚስማማ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ቅቤ ይገባበታል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዤ ስለነበር አልተቸገርንም።

በቡድን መሄድን በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ። ስሙን የማልጠራው የእኛ አስጎብኚ ድርጅት በእርግብ ሸለቆ አፋፍ ላይ አሥር ደቂቃ ካቆመን በኋላ፣ የከበረ ድንጋይ ጌጥ ወደሚሸጥበት ሱቅ ወስዶ ሃምሳ ደቂቃ አስቀመጠን። መጀመሪያ ድንጋዩ እንዴት እንደሚሞረድ አሳዩን፤ ቀጥሎ በሩ ወደ መሸጫው እንጂ ወደ ውጭ አልነበረም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሱቅ ይኖር እንደሆነ፣ የመግቢያ ዋጋና ምሳ ተካትቶ እንደሆነ፣ በአንድ መኪና ስንት ሰው እንደሚሄድ ይጠይቁ። አስጎብኚውም በአንገቱ የሚያንጠለጥለው የሙያ ፈቃድ መታወቂያ ያለው መሆኑን ይመልከቱ።

መልስ፦ የጠባሴ ነጋዴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሰላ ድንጋይ እህታችን እንዳሉት ትናንት ማታ ቡና ላይ መልሶቹን አንብቤላት ራሷን ጠየቅኋት። የኢህላራን ደረጃ ስትሰማ «እርሱስ ይቅር» አለች። የመዝጊያውን ድንጋይ ነገር ግን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። «እስከ በረቱ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አንተ አይተህ ትነግረኛለህ» ብላ ቆረጠች። ከዚያም የባስልዮስን አገር በመኪና መስኮት ብቻ አይቼ አልመለስም አለች። እንግዲህ ደሪንኩዩንና ጎሬሜን በአንድ ቀን ማጣመር ይቻላል? የሚያጣምር ቡድን አላገኘሁም።

መልስ፦ የአንኮበር ሰው

ይቻላል፤ እንዲያውም እንደዚህ ከሆነ ሐሳቤን ለውጫለሁ። ቡድኑን ይተዉትና ፈቃድ ያለው አስጎብኚና መኪና ለብቻዎ ይያዙ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ነገር ግን ሰዓቱ የእናትዎ ይሆናል። ወደ ደሪንኩዩ በጠዋት ይሂዱ። በሩ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ቡድኖቹ ከሆቴል የሚነሡት ከዚያ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያው ሰዓት ጭር ያለ ነው። ካይማክሊ ቅርብ ነው ብለው ወደዚያ ሊወስዱዎ ቢሞክሩ እሺ አይበሉ፤ የእርሱ መተላለፊያዎች ይበልጥ ዝቅ ያሉና ጠባብ ናቸው። ከዚያ ተመልሳችሁ ምሳ በልታችሁ፣ እናትዎ ትንሽ ዐረፍ ብለው፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ጎሬሜ ሙዚየም ብትገቡ የጠዋቱ ግርግር ይቀንስላችኋል። ግቢው ዳገት አለው፤ ሆኖም መንገዱ የተነጠፈ ስለሆነ እየተቀመጡ መሄድ ይቻላል።

ከምድር በታች ያለው ቅዝቃዜ በጋም ክረምትም ከ13 እስከ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ቁር ለለመደ ሰው ጋቢ ይበቃዋል። ምርኩዛቸውን ግን ጫፉ ላይ ጎማ ያስገቡበት፤ ወለሉ ከብዙ እግር የተነሣ እንደ መስተዋት ለስልሷል፣ የኔ ዱላ ሁለት ጊዜ ከድታኛለች።