የትምህርት ቤት አፖች ይጠቃለሉ ወይስ ባሉበት ይቀጥሉ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው የክርክር ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ልጅ የምታሳድጉትንና የምታስተምሩትን በቀጥታ የሚነካ ነው። በኮቪድ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ሶፍትዌር በገፍ ገዙ። የፌዴራል መንግሥት በ2021 ብቻ ወደ 122 ቢሊዮን ዶላር ለትምህርት ቤቶች መድቦ ነበር። በዚያ ገንዘብ አዲስ ውል መግባት የሚቻለው እስከ ሴፕቴምበር 30, 2024 ነበር። ድጎማው አለቀ፣ የአፖቹ ሂሳብ ግን በየዓመቱ ይመጣል። ስለዚህ ብዙ ዲስትሪክቶች (የየአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩት) የተደራረቡትን አፖች ሰርዘው ወደ አንድ ትልቅ ሲስተም መግባት ይፈልጋሉ። ትደግፋላችሁ? ከነምክንያታችሁ ጻፉልን።

የ5ኛ ክፍል መምህርት፦
በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ጠዋት አቴንዳንስ የምይዘው በአንድ ሲስተም ነው። የንባብ ፈተናው ሌላ ጋ ነው፣ የሂሳብ መልመጃው ደግሞ ሌላ ጋ። ለወላጅ የምጽፈውም በሌላ አፕ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የግሬዱ ነገር ነው። ልጆቹ ኩዊዝ የሚሠሩበት አፕ ውጤታቸውን ያወጣል፣ ውጤት የምንመዘግብበት ግሬድ ቡክ ጋ ግን አያስተላልፍም። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቼ የእያንዳንዱን ልጅ ነጥብ በእጄ እገለብጣለሁ። ደክሞኝ አንድ መስመር ከዘለልኩ የአንዱ ውጤት ለሌላው ይገባል። ከዚያ በታች ያሉት ሁሉ ይዛባሉ፤ እንደገና ከላይ መጀመር ነው። በዚያ ሰዓት የልጆቹን ድርሰት ማረም እችል ነበር።

ይሄ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። የትምህርት ሶፍትዌር አጠቃቀምን የሚያጠናው ለርንፕላትፎርም ስለ 2022–23 የትምህርት ዘመን ባወጣው ቆጠራ፣ በአንድ ዲስትሪክት ውስጥ በአማካይ ከ2,500 በላይ አፖችና ድረገጾች ጥቅም ላይ ውለዋል። ይህን ሁሉ ማን ይቆጣጠረዋል? ማንስ በአግባቡ ያውቀዋል?

የኔትወርክ ባለሙያ፦
እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል። ግን ሁሉንም አንድ ቦታ ማከማቸት የሚያመጣውን መዘዝ እናስብ። የተማሪዎችን መዝገብ የሚይዘው ፓወርስኩል የተባለ ኩባንያ ላይ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። ዲሴምበር 2024 አንድ የተሰረቀ ፓስወርድ የድጋፍ ክፍሉን በር ከፈተ። በዚያ በኩል በአሜሪካና በካናዳ ያሉ የብዙ ዲስትሪክቶች መረጃ ወጣ። የተማሪ ስም፣ አድራሻ፣ የአንዳንዶቹም ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የጤና መረጃ ነበረበት። ጥፋቱን ያመነው የ19 ዓመት የማሳቹሴትስ ኮሌጅ ተማሪ ነው። ኩባንያው መረጃው ይሰረዛል ተብሎ ገንዘብ ከፈለ። ከወራት በኋላ ግን ትምህርት ቤቶቹን በዚያው መረጃ የሚያስፈራራ መልእክት መጣ።

ልጅ ፓስወርድ ይቀይራል፣ የልደት ቀኑን ግን አይቀይርም። እኔ መጠቃለሉን አልደግፍም።

የ5ኛ ክፍል መምህርት፦
ወንድሜ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ትንንሾቹስ መቼ ተረፉ? በ2022 ኒውዮርክ ውስጥ ግሬድና አቴንዳንስ የሚይዘው የኢሉሚኔት ሲስተም ተሰብሮ ወደ 820,000 የሚጠጉ የነበሩና ያሉ ተማሪዎች መረጃ ተጋልጧል። በየአፑ የልጆቹ ስም ተመዝግቧል። አንድን በር መጠበቅ አይሻልም? መቶ በር ከፍቶ የትኛው እንዳልተቆለፈ ከመፈለግ?

የኔትወርክ ባለሙያ፦
የበሩ ቁጥር መቀነሱን አልቃወምም። ውስጥ የሚቀመጠው ነገር ይቀንስ ነው የምለው። የንባብ አፕ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ምን ይሠራለታል? ተመርቆ የወጣ ልጅ መረጃስ ለምን ዓመታት ይቀመጣል? ውሉ ላይ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይሰረዛል የሚል ካልተጻፈ፣ የኩባንያው ቃል ብቻ አይበቃኝም።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ ስለ ቴክኖሎጂው ብዙ አላውቅም፤ የወላጅ ነገር ላንሳ። ሦስቱ ልጆቼ ሦስት ትምህርት ቤት ናቸው። ስልኬ ላይ የትምህርት ቤት አፕ ብቻ አንድ ገጽ ሞልቷል። አንዱ መልእክቱን በአማርኛ ይልክልኛል፤ ትርጉሙ ባያምርም ይገባኛል። ሌላው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ልጆቹ ቀደም ብለው የሚለቀቁበት ቀን ነበር። መልእክቱ የመጣው በእንግሊዝኛው በኩል ነው። እኔ የሌሊት ሥራ አድሬ ተኝቻለሁ። ትንሿ ልጄ በብርድ በር ላይ ቆማ ጎረቤት ነው ያስገባት።

ስለዚህ መጠቃለሉን እፈልጋለሁ። የምፈራው ግን የሚቀረው የትኛው ነው የሚለውን ነው። ርካሽ ነው ብለው አማርኛ የሌለውን ቢያስቀሩስ? እንደኛ ያሉ ወላጆችን ማን ይጠይቃቸዋል? የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያገል ይከለክላል። ከትምህርት ቤት በሚገባን ቋንቋ መረጃ የማግኘት መብታችንም የመጣው ከዚያ ነው። ለምነን የምናገኘው ችሮታ አይደለም።

የሃይስኩል ሂሳብ መምህር፦
እናታችን ያሉት ትክክል ነው። እኔ 20 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አንድም ጊዜ "የትኛው ይጠቅምሃል?" ተብዬ አላውቅም። ዋናው ቢሮ ይገዛል፣ እኛ ኦገስት ላይ ሥልጠና እንገባለን፣ ለምደነው ሳናበቃ ይቀየራል።

ሁሉን አደርጋለሁ የሚል ሲስተም አብዛኛውን ነገር በግማሹ ነው የሚሠራው። የሂሳብ ግራፍ የሚስለውን ዴስሞስን እዩ። ግራፍ ሲስል ልጁ ቁጥሯን በጣቱ ጎተት ሲያደርጋት መስመሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስሎፕ፣ ማለትም የመስመሩ ዘንበል ማለት፣ ምን እንደሆነ ያኔ ይገባዋል። ያ ነገር ለተማሪ በነፃ ነው። "ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የለም" ብለው ቢዘጉብኝ ምን ገንዘብ ቆጠቡ?

ደግሞ አንዴ ከገባችሁ በኋላ መውጫው ከባድ ነው። ጉግል ለትምህርት ቤቶች ገደብ የሌለው ማከማቻ በነፃ ይሰጥ ነበር። በ2021 ገደብ እንደሚያበጅ አስታወቀ፤ ከ2022 ጀምሮ ለአንድ ተቋም በጋራ 100 ቴራባይት ሆነ። የዓመታት ፋይሉን እዚያ ያስቀመጠ ምን ምርጫ ነበረው? ኩባንያዎቹም እርስ በርስ እየተገዛዙ ነው። ፓወርስኩል ስኩሎጂ የተባለውን የመማሪያ ሲስተም በ2019 ገዛ። ፓወርስኩልን ራሱን ደግሞ ቤይን ካፒታል የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት በ2024 በ5.6 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ያወጣ ሰው ነገ ዋጋ አይጨምርም ብላችሁ ታምናላችሁ?

የበጀት ሠራተኛ፦
ጋሼ፣ ስለ ዋጋው የሚሉት ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። የሎስ አንጀለስ ዲስትሪክት በማርች 2024 "ኤድ" የሚባል በሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) የሚሠራ ረዳት አስመርቆ ነበር። የተበታተኑትን አፖች ለወላጅና ለተማሪ አንድ ቦታ ያመጣል ተብሎ ነበር። በወራት ውስጥ የሠራው ኩባንያ ኦልሂር ተንኮታኮተ። ዲስትሪክቱ በዚያን ጊዜ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነበር። መሥራቿም በኋላ በማጭበርበር ተከሰሰች። የተቻኮለ መጠቃለል እንዲህ ነው የሚሆነው።

እኔ ግን እንደ እርስዎ ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። መጀመሪያ የሚጠቃለሉት ማስተማሪያዎቹ መሆን የለባቸውም። መግቢያው አንድ ይሁን። እንደ ክሌቨር ባለ ነገር በአንድ ፓስወርድ ወደ ሁሉም መግባት ይቻላል። ቀጥሎ የወላጅ መልእክት አንድ ይሁን። ከዚያ ማንኛውም ኩዊዝ አፕ ውጤቱን ለግሬድ ቡኩ ማስተላለፍ ካልቻለ አይገዛ። መምህርቷ የምትገለብጠው ቁጥር ያኔ ይቀራል። የሂሳብና የሳይንስ መሣሪያዎቹ ለመምህራኑ ይተዉ።

ገንዘቡ የሚፈሰው ሌላ ቦታ ነው። በራሱ የሚታደስ ውል ይኖራል። ቀኑ ሳይደርስ ካላሳወቅህ ለሌላ ዓመት ይቀጥላል። አንዳንዱን አፕ የጠየቀው ሰው ራሱ ከሥራ ወጥቷል፣ ክፍያው ግን አልቆመም።

የሃይስኩል ሂሳብ መምህር፦
እንዲህ ከሆነ ከአንተ ጋር ብዙ አልራቅንም። ዝርዝሩን የሚያወጣው ግን ማን ነው? ኮሚቴው ውስጥ የሚያስተምር ሰው ከሌለ የትም አንደርስም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ወላጅም ይጨመር እንጂ! አስተርጓሚ ያለው ስብሰባ ይሁን፣ ያውም ማታ። ቀን ላይ የምንሠራው ብዙ ነን።

የኔትወርክ ባለሙያ፦
በመግቢያውና በመልእክቱ እስማማለሁ። የተማሪውን መዝገብ፣ ግሬዱንና የጤና ፋይሉን ግን ለአንድ ኩባንያ አትስጡ የሚለው አቋሜ አልተለወጠም።

የ5ኛ ክፍል መምህርት፦
እኔም በግሬዱ አልለወጥኩም፣ አንድ ቦታ ይሁን። በቀጣዩ የቦርድ ስብሰባ ለመናገር እመዘገባለሁ። ወንድሜ፣ አንተም ተመዝገብና የመሰረዙን ነገር ጠይቅልን። የበጀቱ ወንድማችን፣ የውል ማብቂያ ቀኖቹን ዝርዝር ከየት መጠየቅ እንደምንችል ብትጽፍልን ይዘነው እንሄዳለን።

የበጀት ሠራተኛ፦
የሕዝብ መዝገብ ስለሆነ ማንኛውም ነዋሪ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። የጥያቄውን ረቂቅ ዛሬ ማታ እዚህ አስቀምጣለሁ። እህታችን፣ አማርኛውን እርስዎ ይዩልን።