ለመጀመሪያ ጊዜ ካራቫን ጎትተን ከአራት ኪሎ ወደ ላንጋኖ፦ ምን እናዘጋጅ?

የሦስት ልጆች እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር ላይ እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆቻችን ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ይዘን ልንወጣ ነው። መኪናችን ባለ ሁለት ጋቢና ናፍጣ ሃይሉክስ ነው። ካራቫኑ ያገለገለ፣ ባለ አንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚይዘው አግዳሚ ብረት) ሲሆን ባዶውን 720 ኪሎ፣ ከነጭነቱ 1,000 ኪሎ ይላል። ላንጋኖ ሦስት ሌሊት፣ ከዚያ በሻሸመኔና በዶዶላ አድርገን ባሌ፣ ዲንሾ ሁለት ሌሊት ለማደር አስበናል። ፊት ለፊቱ እንዳይከብድ ብለን ጄኔሬተሩን (35 ኪሎ) እና ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከኋላ ልንጭን ነው። ለቡና የከሰል ምድጃም ይዘናል። ሁለታችንም ጎትተን አናውቅም። ምን ጎደለን? ምንስ አበዛን?

ባለ ተሳቢ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን የኋላ ጭነት አንሺው። 75 ኪሎ ከአክስሉ ኋላ ማለት ካራቫኑ ጋንቾውን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ የሃይሉክሱ የኋላ ጎማ ይቀላል፣ 70 እና 80 ላይ ስትደርሱ ጅራቱ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ብዙ ሰው ነፋስ ነው፣ ጎማ ነው ይላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአጫጫን ነው።

የመጫን አቅማችሁ 280 ኪሎ ብቻ ነው። ፍራሽ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ባትሪ፣ ድንኳን፣ የልጆች ብስክሌት ሲደመር ሳታስቡት ያልቃል። ከባዱን ወለል ላይ፣ በአክስሉ ልክ ወይም ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት አድርጉ። ላይኛው ቁም ሳጥን ልብስና ብርድ ልብስ ብቻ ይያዝ። ጄኔሬተሩ ሃይሉክሱ ላይ ቢሄድ ይሻላል።

ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይሁን፤ 950 ኪሎ ከሆነ ከ65 እስከ 95 ኪሎ መሆኑ ነው። ጋንቾው ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ልክ ከዚህ ካነሰ እሱን አክብሩ። ለመመዘን የቤት ሚዛን ይበቃል። ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ፣ ሚዛኑን ከካራቫኑ አፍ (ጋንቾው ላይ ከሚገጥመው ጫፍ) ሥር አኑሩ። በሚዛኑና በአፉ መካከል፣ ካራቫኑ ሲጎተት በሚቆምበት ቁመት ልክ የተቆረጠ እንጨት አቁሙ። ከዚያ ትንሿን የፊት ጎማ እያዞራችሁ አንሷት፤ መሬት ስትለቅ ሚዛኑ የሚያሳየው ያ ነው። ይህን ሙሉ ጭነት ከጫናችሁ በኋላ አድርጉት፤ ባዶውን መመዘን ዋጋ የለውም።

መንገድ ላይ ከተወዛወዘ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ፍሬን አትርገጡ። መሪውን ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ልታስተካክሉት አትሞክሩ፤ ያባብሰዋል።

ኩሽኔታና ግራሶ

ባለ ተሳቢ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ በጎማው ልቀጥል።

ያገለገለ ካራቫን ብዙ ጊዜ ቆሞ የኖረ ነው። የጎማው ጥርስ አዲስ ቢመስልም ጎኑ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ሊሆን ይችላል። ጎኑ ላይ በስተመጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 3518 ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2018 35ኛው ሳምንት ምርት ነው። ያን ያህል ያረጀ ከሆነ ጥርሱን አትዩ፣ ቀይሩት። ነፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ጎሚስታ ጋ አስለኩ።

ስኮርታውን በደንብ እዩት። የሃይሉክስ ቸርኬ ባለ ስድስት ብሎን ነው፤ የካራቫን አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት ወይም ባለ አምስት ነው። የመኪናችሁ ስኮርታ ለካራቫኑ አይሆንም ማለት ነው። የጎማ መፍቻውም ላይገጥም ስለሚችል ቤት ሳላችሁ አንድ ጊዜ ፈትታችሁ ግጠሙ። ክሪኩ ከአክስሉ ወይም ከሻንሲው ሥር ይግባ፤ ወለሉ ሥር ከገባ ይቀደዳል።

ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት) ደህና መሆኑን ለማወቅ ጎማውን በክሪክ አንሱና በእጅ አሽከርክሩት። ጉርር የሚል ድምፅ ካለው ወይም ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከተጫወተ ይፈታ፣ ይታጠብ፣ በአዲስ ግራሶ ይሞላ። መቀየር ካለበት አሮጌውን ይዛችሁ ሶማሌ ተራ ሂዱ፤ ላዩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከየትኛውም ገለጻ ይበልጣል። በጉዞው ቀን ቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱ ከመግባታችሁ በፊት ቆማችሁ የጎማውን መሐል በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ለብ ካለ ደህና ነው። የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ወይም የሚይዝ ፍሬን ነው፤ አትቀጥሉ። 50 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ።

የሦስት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር፦ የቀኝ ፍሬቻ ስናበራ የካራቫኑ ሌሎች መብራቶችም አብረው ብልጭ ይላሉ። አምፖሉን ቀየርነው፣ አልተለወጠም።

የመኪና ኤሌክትሪክ

አምፖሉ አይደለም፣ ማሳው (የኔጋቲቩ መመለሻ ሽቦ) ነው። ኔጋቲቩ በደንብ ስላልያዘ ኤሌክትሪኩ በሌላ አምፖል በኩል መመለሻ ይፈልጋል። መኪናውንና ካራቫኑን የሚያገናኘው ባለ ሰባት ፒን ሶኬት ከሆነ 3 ቁጥር ነጩ ሽቦ ማሳ ነው። ፍቱት፣ አረንጓዴ ዝገት ካለው በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ። ከዚያ ከሻንሲው ጋር የተያያዘበትን ብሎን እዩ፤ ቀለም ላይ የተቀመጠ ማሳ አይሠራም፣ ቀለሙን ፍቃችሁ ብረቱን አግኙ።

ሌላው፦ 1 ቢጫ የግራ ፍሬቻ፣ 4 አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻ፣ 5 ቡናማ የቀኝ የኋላ መብራት፣ 6 ቀይ ፍሬን፣ 7 ጥቁር የግራ የኋላ መብራት። ያገለገለ ካራቫን ላይ ቀለሙ ተለዋውጦ ይገኛልና አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ አንድ በአንድ ያረጋግጥ።

ጓዳ አዋቂ

እህቴ፣ ስለ ከሰሉ በጣም እለምንሻለሁ፤ ካራቫኑ ውስጥ አይግባ። አመድ ለብሶ ጭሱ የጠፋ ከሰልም መርዛማውን ጋዝ ይለቃል። ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃም። ዲንሾ ሌሊቱ ሲበርድ «ለሙቀት ትንሽ እናስገባው» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያኔ ነውና ከአሁኑ ወስኑ። ቡናውን ውጭ አፍሉ፤ ምድጃው ሲበቃው ውሃ አፍስሱበትና ውጭ ይደር።

የጋዝ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታሰር፣ መንገድ ላይ ይዘጋ። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ሞክሩ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈስሳል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ወለሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ አቧራ ይገባል ብላችሁ አትድፈኑት፤ ለዚህ የተሠራ ነው።

ስንቅ ላይ፦ በላንጋኖ ሙቀት እንጀራ ሦስተኛው ቀን ላይ ይሻግታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ብቻ እንጀራ ያዙ፣ ለቀሪው ድርቆሽ፣ በሶና ቋንጣ። የሐይቁ ውሃ ቡናማ ነው፣ ለመጠጥ አይሆንም፤ የመጠጥ ውሃ ከቤት ወይም ከባቱ ያዙ። አጎበር አትርሱ፤ ላንጋኖ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ወባ አለ፣ ከክረምቱ በኋላ ያሉት ወራት ደግሞ የሚበዛበት ጊዜ ነው።

የደቡብ መንገድ

እኔ ዲንሾን ለሌላ ጊዜ ተዉት ባይ ነኝ። ከ1,600 ሜትር ወደ 3,100 ሜትር ገደማ መውጣት ነው፤ ሞተር በከፍታ አቅሙ ይቀንሳል፣ ከኋላው አንድ ቶን ይጎትታል፣ ሲመለስ ደግሞ ቁልቁለቱ ፍሬን ያግላል። ለለመደ ሰው ችግር የለውም። ለመጀመሪያ ጉዞ ግን ላንጋኖ ይበቃል።

ከከተማ ሌሊት ሳይሆን ገና ሲነጋ ውጡ፤ መስቀል አደባባይ፣ ጎተራና ቃሊቲ ሳይጨናነቁ ታልፋላችሁ። ፈጣን መንገዱ ላይ ከ80 አትለፉ። ከባቱ በኋላ ከብት፣ ባጃጅና ጋሪ አለ፤ በፊታችሁ ካለው መኪና ጋር ያለውን ርቀት እጥፍ አድርጉ። ቁልቁለት ላይ ሳትጀምሩ ማርሽ ቀንሱ፣ መኪናው በሞተር ይያዝ።

ኩሽኔታና ግራሶ

በዲንሾ ጉዳይ ትንሽ እለያለሁ። ሃይሉክሱ 1,000 ኪሎ ለመጎተት አይቸገርም። ካራቫኑን ላንጋኖ ያረፋችሁበት ግቢ በአደራ ትታችሁ በመኪናው ብቻ ሄዳችሁ እዚያ አልጋ መያዝ ትችላላችሁ። ምግብ ግን ውጭ አታሳድሩ፤ ዲንሾ ከርከሮው ደጃፍ ድረስ ይመጣል።

የሦስት ልጆች እናት

እንደዚያ እናደርጋለን፣ ዲንሾ ያለ ካራቫን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ግቢያችን ጠባብ ነው፣ በኋላ ማርሽ ስናስገባው ሁልጊዜ ይታጠፍብናል።

ባለ ተሳቢ

እጅሽን መሪው ታችኛው ክፍል ላይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ አድርጊ። እጅሽን ወደ ቀኝ ስትወስጂ የካራቫኑ ጅራት ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ስትወስጂ ወደ ግራ። መሪውን በጣት ልክ ብቻ አንቀሳቅሺ፤ መታጠፍ ሲጀምር ቶሎ ወደ ፊት ወጥተሽ ቀጥ አድርጊውና እንደገና ጀምሪ። ባለቤትሽ በስፔኪዮ በምታይበት በኩል ይቁም፣ ካራቫኑ ኋላ ግን አይቁም። ልጆቹ ቤት ውስጥ ይሁኑ። እሑድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተለማመዱ፤ ከዚያ ለጉዞ ከመውጣታችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ሌሊት እዚያው ካራቫን ውስጥ እደሩ። የጎደለው ፓትራ፣ የማይሠራው አምፖል፣ የማይዘጋው መስኮት ሁሉ ያን ሌሊት ይታወቃል።