ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚፈረም ውል

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፣ ኩባንያዎች 18 ዓመት ያልሞላቸውን የሴት ጎልፍ ተጫዋቾች በሚሊዮኖች ዶላር ማስፈረማቸው ሊፈቀድ ይገባል ወይስ ሊከለከል የሚል ነው። የአሜሪካው የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ማኅበር፣ ኤልፒጂኤ፣ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለችን ተጫዋች በአባልነት አይቀበልም፤ ይህ ደንብ ግን ስፖንሰሮችን አያግድም። (ዓመታቱን እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር እንጠቀም።)

ሰሎሞን፦ እኔ ሊከለከል ይገባል ባይ ነኝ። በ2005 ኮሎራዶ ውስጥ በቼሪ ሂልስ ሜዳ በተካሄደው የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን ውድድር፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ የሃዋይ ልጅ ሚሼል ዊ በአማተርነት፣ ማለትም የገንዘብ ሽልማት በማይቀበል ተጫዋችነት፣ ተወዳድራ እስከ ሦስተኛው ቀን ከመሪዎቹ ጋር እኩል ነበረች፤ በመጨረሻው ቀን ግን፣ በጎልፍ የሚያሸንፈው በትንሽ ምት የጨረሰ ነውና፣ 82 ምት መትታ ወደ ኋላ ቀረች። ያሸነፈችው ደቡብ ኮሪያዊቷ በርዲ ኪም ስትሆን፣ በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ኳሷን ከአሸዋው ውስጥ መትታ በቀጥታ ቀዳዳው ውስጥ ከተተቻት፤ ሽልማቷም 560 ሺህ ዶላር ነበር። አራት ወር ሳይሞላ ዊ ፕሮፌሽናል መሆኗን አስታውቃ ከናይኪና ከሶኒ ጋር ተፈራረመች፤ በጊዜው እንደተዘገበው ገቢው በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አሸናፊዋን ዛሬ ስንቱ ያስታውሳታል? ገና ላልተገኘ ውጤት ይህን ያህል መክፈል፣ ዕዳውን በልጅ ጫንቃ ላይ መጫን ነው።

ሜሮን፦ አቶ ሰሎሞን፣ ሽልማትንና የማስታወቂያ ውልን በአንድ ሚዛን አስቀምጠዋቸዋል። ሽልማት ላሸነፈ ይሰጣል፤ ኩባንያ ግን የሚገዛው የተመልካችን ዓይን ነው። ደግሞም የዊ ዝና ባዶ ወሬ አልነበረም፤ በ2004 ገና በ14 ዓመቷ ከወንዶቹ ጋር በሶኒ ኦፕን ተሰልፋ በሁለተኛው ቀን 68 ምት መትታለች፣ ወደ ቀጣዮቹ ዙሮች እንዳታልፍ ያደረጋትም አንድ ምት ብቻ ነው። በ2012 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች፣ በ2014 በፓይንኸርስት ሜዳ ያንኑ የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን አሸነፈች። ተበላሸች የሚሏት ልጅ ይህች ናት?

ሂሩት፦ ሁለታችሁም ስለ ገንዘቡ ትከራከራላችሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከገንዘቡ ጋር የሚመጣው ግዴታ ነው። ዊ በ2007 መጀመሪያ ላይ የእጅ አንጓዋን ተጎዳች። ከወራት በኋላ በደቡብ ካሮላይና በጊን ትሪቢዩት ውድድር በስፖንሰር ግብዣ ስትመለስ፣ ከዙሩ 18 ቀዳዳዎች 16ቱን ተጫውታ ከፓር (ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት) 14 ምት በላይ ሆና ሳለች አቋረጠች። በወቅቱ አባል ያልሆነች ተጫዋች በአንድ ዙር 88 ወይም ከዚያ በላይ ከመታች ለቀሪው ዓመት ከማኅበሩ ውድድሮች ትታገድ ስለነበር፣ ያቋረጠችው እጇን አሟት ሳይሆን እገዳውን ፈርታ ነው የሚል ወሬ ተነሣ፤ በቀናት ውስጥ ልምምድ ስትሠራ መታየቷም ነገሩን አባባሰው፣ የውድድሩ አስተናጋጅ አኒካ ሶረንስታም ሳትቀር ወቀሰቻት። ውሉ አስገድዷታል ለማለት ማስረጃ የለኝም። ነገር ግን የ17 ዓመት ልጅ እጇ ሳይድን ሜዳ ላይ ምን አመጣት ብሎ መጠየቅ ከወቀሳው መቅደም ነበረበት።

ሰሎሞን፦ ወይዘሮ ሂሩት ለእኔ መሰከሩልኝ። ኒውዚላንዳዊቷ ጎልፍ ተጫዋች ሊዲያ ኮ በ2012 በ15 ዓመቷ የካናዳን ኦፕን ስታሸንፍ አማተር በመሆኗ 300 ሺህ ዶላሩ ሁለተኛ ለወጣችው ኢንቢ ፓርክ ተሰጠ፤ በዓመቱም ውድድሩን ደግማ አሸነፈች። ውጤቱ ቀደመ፣ ገንዘቡ ተከተለ፤ በ17 ዓመቷም የዓለም አንደኛ ሆነች።

ሜሮን፦ ኮ ፕሮፌሽናል ስትሆን እኮ 16 ዓመቷ ነበር! በእርስዎ ሐሳብ ብንሄድ እሷም ትከለከል ነበር ማለት ነው።

ሂሩት፦ እኔም የዕድሜ ክልከላን የማልደግፈው ለዚህ ነው። ይልቅ ከ18 ዓመት በታች ካለች ተጫዋች ጋር የሚደረግ ውል፣ ክፍያውን በተገኘችባቸው ውድድሮች ብዛት እንዳያስር፣ ስትጎዳም ያለ ቅናሽ እንድታርፍ የሚያስገድድ ደንብ ይውጣ።

ሰሎሞን፦ ውሉ በምስጢር ይያዛል፣ ልጅቷም ገና የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ ደንቡን ታዲያ ማን ያስፈጽመው?