«በሬክተር ስኬል» ሲባል የሚለካው የትኛው ሞገድ ነው?

ጥያቄ፦
በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ በተንቀጠቀጠበት ወቅት የአገራችን ዘገባዎች ቁጥሩን ሁሉ «በሬክተር ስኬል» እያሉ ሲያቀርቡ፣ ዓለም አቀፍ ዝርዝሮች ግን ከአንዱ ርዕደ መሬት ጎን አንድ ምልክት፣ ከሌላው ጎን ሌላ ምልክት ያኖሩ ነበር። መለኪያው አንድ አይደለምን?

መልስ፦
አንድ አይደለም፤ ልዩነቱም በዋናነት የሚመጣው እያንዳንዱ መለኪያ ከሚያነበው ሞገድ የዑደት ጊዜ ነው። የዑደት ጊዜ የምንለው መሬቱ አንዴ ተወዛውዞ ወደነበረበት እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ነው። «ሬክተር» የሚለው ስም የመጣበት የርዕደ መሬት ተመራማሪ ቻርልስ ሪክተር በ1935 እ.ኤ.አ. ለደቡብ ካሊፎርኒያ ያወጣው መለኪያ፣ የራሱ የዑደት ጊዜ 0.8 ሰከንድ በሆነ መሣሪያ ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ ፈጣን ንዝረቶችን ለማንበብ የተመቸ ነበር። ከዚያ በኋላ የሥራ ባልደረባው ቤኖ ጉተንበርግ ከሩቅ በምድር ገጽ ላይ ተጉዘው ለሚደርሱ፣ የዑደት ጊዜያቸው 20 ሰከንድ ገደማ ለሆነ ሞገዶች፣ እንዲሁም በምድር ውስጥ ለሚያልፉ፣ የዑደት ጊዜያቸው አጭር ለሆነ ሞገዶች ሌሎች መለኪያዎችን አዘጋጀ። በውስጥ ሞገዶቹ ስሌት የንዝረቱ ከፍታ ለዑደት ጊዜው ከተካፈለ በኋላ ነው ሎጋሪዝሙ የሚወሰደው፤ እኩል ከፍታ ካላቸው ሁለት ንዝረቶች ቶሎ የሚመላለሰው መሬቱን በበለጠ ፍጥነት ስለሚያንቀሳቅስ የበለጠ ጉልበት ይዟልና።

ችግሩ የሚጎላው በታላላቆቹ ላይ ነው። ርዕደ መሬቱን የሚያስነሳው የዓለት ስንጥቅ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሲረዝምና መሰንጠቁ ደቂቃዎችን ሲፈጅ፣ ተጨማሪው ጉልበት የሚወጣው የዑደት ጊዜያቸው በጣም በረዘመ ሞገዶች ስለሆነ፣ ከዚያ ያጠረ የዑደት ጊዜ ያላቸውን ብቻ የሚያነብ መለኪያ ቁጥሩ አላድግ ይላል። በ1960 እ.ኤ.አ. የደረሰው የቺሊ ርዕደ መሬት በ20 ሰከንዱ ሞገድ ሲለካ ከ8.5 ያልዘለለ ሲሆን፣ የርዕደ መሬት ተመራማሪው ሂሮ ካናሞሪ በ1977 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የሞመንት መለኪያ ግን 9.5 ሆነ። ይህ መለኪያ የዓለቱን ግትርነት፣ የተሰነጠቀውን ስፋትና የተንሸራተተውን ርቀት ያባዛል። የአንድ ቁጥር ልዩነት የ32 እጥፍ ገደማ ጉልበት ነውና ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ጃፓን ላይ የመጀመሪያው ፈጣን ግምት 7.9 ስለነበር፣ ለፉኩሺማ ጠረፍ የተነገረው የሱናሚ ከፍታ 3 ሜትር ብቻ ነበር፤ የመጣው ማዕበል ከዚያ በእጅጉ የላቀ ሲሆን፣ መጠኑም በኋላ 9.0 ተብሎ ታርሟል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦
እንግዲያው «ስድስት ሬክተር» የሚለውን አነጋገር እንዴት ያዩታል?

መልስ፦
በእኔ እምነት መቅረት አለበት፤ ሪክተር የሰው ስም እንጂ የመለኪያ አሃድ አይደለም፣ መጠኑም አሃድ የለውም። ለዜና «መጠኑ 6 የሆነ ርዕደ መሬት» ማለት ይበቃል። የመለኪያው ዓይነት ሲታወቅ ደግሞ «በሞመንት መለኪያ 6» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ በተለይ ሁለት ርዕደ መሬቶችን የሚያወዳድር ጸሐፊ ቁጥሮቹ ከአንድ ዓይነት መለኪያ የተገኙ መሆናቸውን ሳያረጋግጥ «ይህ ከዚያ ይበልጣል» እንዳይል አደራ እላለሁ።