ትእምርተ ስላቅ (¡) ወደ ጣታችን ይመለስ፤ የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ስላቅ በጽሑፍ የራሱ ምልክት ያስፈልገዋል ወይ በሚለው ላይ ሳንጨርስ ተለያየን። ለኪቦርድ ሠሪዎችና ለጋዜጣ አራሚዎች አንድ ገጽ ሐሳብ እንድናቀርብ ነበር የተስማማነው። የኔ አቋም ያው ነው፤ ያስፈልገዋል፣ እኛ ደግሞ አለን። ፈረንሳዊው አልካንተር ደ ብራም በ1899 እ.ኤ.አ. ለምፀት የተገለበጠ ጥያቄ ምልክት የሚመስል ነገር አቅርቦ ነበር፣ በ1966 ኤርቬ ባዛን ሌላ ሞከረ፣ አንዱም አልተለመደም። እኛ ግን ቃለ አጋኖን የገለበጠ፣ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ የሚቀመጥ ትእምርተ ስላቅ አለን። የጠፋው ከኪቦርዱ ላይ ነው። ረቂቅ አንድ፦ «¡ በአማርኛ ኪቦርድ ላይ ከ! ጎን ይቀመጥ።» በሉ እንግዲህ።

መምህርት፦ እደግፋለሁ። ሥርዓተ ነጥብ ሳስተምር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ልጆቹ «ቲቸር፣ ተገለበጠ እኮ!» ይሉኛል። ለፈተና ያጠኑታል፣ ከዚያ በኋላ የትም አያገኙትም። ባያገኙት ደግሞ ይረሱታል፣ ምን ያድርጉ?

ጋሼ (የቅኔ ቤት ተማሪ የነበሩት)፦ ልጆቼ፣ እኔን ትንሽ ያዝ አድርጎኛል። ወርቁን ሰሚው ራሱ ፈልጎ ሲያገኘው ነው ደስታው። ምልክት ካስቀመጣችሁለት ምን ቀረው? ደግሞ አማርኛ ለዚህ የራሱ መንገድ አለው። የሰባት ዓመት ልጅ አርፍዶ ሲነቃ «እሳቸው ተነሡ?» እንላለን። አንቱታው ራሱ ነገሩን ተናግሮታል። «አንተማ» ስንል ያቺ «ማ» ትበቃለች። አግቦና አሽሙር ደግሞ ተሸፍነው ካልተነገሩ አግቦም አሽሙርም አይደሉም።

አባል፣ ከዱባይ፦ ጋሼ፣ በቃል ሲነገር ልክ ነዎት። በጽሑፍ ግን እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ለታናሽ ወንድሜ የቤት ኪራይ ላኩለት። «እትዬ፣ በዛ እኮ የላክሽው፣ ምን ላድርግበት?» ብሎ ጻፈልኝ። ሥራ ውዬ ደክሞኛል፣ ሌሊት ነው፣ ያቺን መልእክት አሥር ጊዜ አነበብኳት፣ ባነበብኳት ቁጥር አግቦ እየመሰለችኝ መጣች። ሁለት ሳምንት አልደወልኩለትም። በኋላ ድምፁን ስሰማ ለካ ልጁ ከልቡ ነው፣ እውነትም በዝቶበት ትራፊውን ሊመልስልኝ ፈልጎ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፎንት ሠሪ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ወንድምሽ አልተሳለቀም፣ ስለዚህ ምልክቱ ኪቦርዱ ላይ ቢኖርም አያስቀምጠውም ነበር።

አባል፣ ከዱባይ፦ አውቃለሁ። ግን ሰው ሲሳለቅ ምልክቱን ማድረግ ከለመደ፣ ምልክት የሌለውን ቃል እንዳለ እናምነዋለን። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ሰው ቤት የሚሠራ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ያለው መገናኛ አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ጽሑፍ ነው።

ጋሼ፦ ይኼስ አሳመነኝ። እንዲህ ከሆነ ለደብዳቤና ለመልእክት ይሁን። ቅኔውን ብቻ ተዉልኝ።

ፎንት ሠሪ፦ አንድ የሙያ ጉዳይ ልጨምር። ፣ ፤ ፧ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የዓለም ፊደላት ዝርዝር ውስጥ፣ ከፊደሎቻችን ጋር ነው የተቀመጡት። ¡ ግን ከስፓኒሽ ጋር የምንጋራው ስለሆነ ያለው ከላቲኑ ወገን ነው። የግዕዝን ዝርዝር ብቻ አይቶ ኪቦርድ የሚሠራ ሰው የሚዘለውም ለዚህ ይመስለኛል። በ1999 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ያዕቆብን ጨምሮ አራት ሰዎች የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ስለሚሰፋበት መንገድ ባቀረቡት ጽሑፍ ይኼው ምልክት ተነሥቷል፤ መልኩ ከስፓኒሹ አይለይም፣ ቦታውና ትርጉሙ ግን ይለያል። ስፓኒሾች የአንክሮ ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ ያስቀምጡታል፣ እኛ ስንጨርስ። እኔ ስልኬ ላይ እሱን ለማግኘት ወደ እንግሊዝኛው ኪቦርድ ዞሬ ! ላይ ጣቴን ተጭኜ መቆየት አለብኝ። ለአንድ ነጥብ ማን ይኼን ሁሉ ይደክማል? ሌላው ችግር፣ ፊደሉ ሲያንስ የላቲኑን «አይ» ይመስላል። ቁመቱ ከፊደሎቻችን ጋር ተመጥኖ መሠራት አለበት።

አራሚ፦ ከኔ አንድ ነገር ብቻ። በሰው ንግግር ላይ እኛ ¡ እንዳንጨምር ይጻፍ። ሰውየው በጥቅስ ውስጥ ያላለውን ማስባል ነው የሚሆነው።

መምህርት፦ ልክ ነው። እንደ ግዴታም አይቅረብ።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። ረቂቅ ሁለት፦ «¡ በአማርኛ ኪቦርድ ላይ ከ! ጎን ይቀመጥ፤ ፎንት ሠሪዎች ከፊደሉ ጋር ይመጥኑት፤ አጠቃቀሙ በጸሐፊው ፈቃድ ይሁን፤ ቅኔን፣ አግቦንና የሌላ ሰው ጥቅስን አይመለከትም።» የዱባይዋን እህታችንን ታሪክ ፈቃዷ ከሆነ ያለ ስም መግቢያው ላይ አስገባዋለሁ።

አባል፣ ከዱባይ፦ አስገባው። መልእክቷንም እንዳለች ጻፋት፣ «በዛ እኮ የላክሽው»።

ፎንት ሠሪ፦ እኔ የሦስት ፎንት ናሙና በትንሽ መጠን አትሜ እሑድ ይዤ እመጣለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ያለ ችግር ካነበቡት አለቀ።