መስኮት የሌለው መኝታ ክፍል በሕግ ይከልከል?

አወያይ፦ የዛሬው መነሻ ይኼ ነው። በ2021 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንያዝ) ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሊሠራ ያሰበው 4,500 ተማሪ የሚይዝ የመኝታ ሕንፃ መነጋገሪያ ሆነ። ከመኝታ ክፍሎቹ 94 በመቶው መስኮት የላቸውም። ንድፉ የቢሊየነሩ የቻርሊ መንገር ነው። 200 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ፣ ግን በእኔ ንድፍ ይሠራ አለ። የዩኒቨርሲቲውን ንድፎች ከሚገመግሙት አንዱ የነበረው አርክቴክት ዴኒስ ማክፋደን በተቃውሞ ለቀቀ። በ2023 ዕቅዱ ቀረ። ጥያቄው፦ ቤት በጠፋበት ዘመን እንዲህ ያለውን ክፍል ሕግ ይከልክለው ወይስ ለተከራዩ ይተወው? ስድብ የለም።

ጡብ በጡብ፦ ውሎዬ ግንባታ ላይ ነው፣ በግልጽ ልናገር። ሕንፃ ወደ ጎን በሰፋ ቁጥር መሀሉ ከመስኮት ይርቃል። ለእያንዳንዱ ክፍል መስኮት አውጣ ካላችሁኝ ወይ ሕንፃውን አቀጥነዋለሁ፣ ወይ መሀሉን ክፍት እተወዋለሁ። በሁለቱም መንገድ የክፍሉ ቁጥር ይቀንሳል። የሚቀነሰው ደግሞ ሰው ሊተኛበት የነበረ ክፍል ነው። አየሩን ማሽን ያስገባል፣ ብርሃኑን አምፖል ይሰጣል። መንገርም የቀን ብርሃን የሚያስመስል ሰው ሠራሽ መስኮት አስቦ ነበር። ቤት ያጣ ሰው መስኮት አያማርጥም።

የማታ ተረኛ፦ ወንድሜ፣ «ብርሃኑን አምፖል ይሰጣል» ያልካት ላይ ልቁም። ነርስ ነኝ። መስኮት በሌለው ክፍል ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጉሉኮስ ልቀይርላቸው የገባሁላቸው አባባ እጄን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ሊነጋ ነው?» አሉኝ። ቀን ነው አልኳቸው። አምፖሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ አላመኑኝም። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ጫማቸውን አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነግቷል፣ ልሂድ ይላሉ። ሕመሙም መድኃኒቱም ይኖርበታል፣ ሁሉንም በመስኮት አላመካኝም። ግን ክፍሉ ውስጥ ሰዓቱን የሚነግራቸው አንድም ነገር አልነበረም።

ጥናትም ከፈለጋችሁ፣ ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ በ1984 ያሳተመው አለ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ አገላበጠ። ለ23ቱ በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸዋል፣ ለ23ቱ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ 7.96 ቀን ተኝተው ወጡ፣ ግድግዳ የሚያዩት 8.70። ጠንከር ያለ ማስታገሻም ትንሽ ነው የወሰዱት።

ተጠራጣሪው፦ ይቺ ጥናት ከየትም ክርክር አትቀርም። 46 ሰው፣ አንድ ሆስፒታል፣ ልዩነቱ አንድ ቀን እንኳ አይሞላ። ደግሞ ልብ በሉ፣ ሁለቱም ወገን መስኮት ነበረው! የተወዳደሩት ዛፍና ግድግዳ ናቸው። እናንተ «መስኮት ይኑር» ብላችሁ ሕግ ስታወጡ፣ አከራዩ ከጎረቤት ግድግዳ ፊት ለፊት ቀዳዳ በስቶ «ይኸው» ይላችኋል። ሕጉ ተከበረ። ሰውየው ምን አገኘ?

የማታ ተረኛ፦ ይኼስ እውነት ነው፣ አልከራከርም። ግን ግድግዳ ላይም ጥላ ሲዞር ይታያል። አባባ ያጡት ዛፉን አይደለም።

ማዕዘን፦ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ደመናማ በሆነ ቀን እንኳ ውጭው ብዙ ሺህ ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ብርሃን አለው። ጥሩ የሚባል ቢሮ ውስጥ 500 አካባቢ ነው። ዓይናችን ውስጥ ደግሞ ቀንና ሌሊትን ለሰውነት የሚያሳውቁ ሴሎች አሉ። አምፖል ያንን ሥራ ይሥራ ከተባለ በጣም ደማቅ መሆን አለበት፣ ከሰዓቱ ጋርም መለዋወጥ አለበት። እሱን ለርካሽ መኝታ ክፍል ማን ይገዛል?

አርክቴክቱን አልቫር አልቶን እዩት። በ1933 ፊንላንድ፣ ፓይሚዮ የተከፈተውን የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ሲነድፍ መነሻ ያደረገው የቆመን ሰው ሳይሆን በጀርባው የተኛን ሰው ነው። ተኝቶ የሚውል ሰው የሚያየው ጣሪያ ነዋ! ጣሪያውን ዓይን በማይወጋ ቀለም አስቀባው። መብራቱን ከተኛው ሰው ዓይን አራቀው። የእጅ መታጠቢያው ውኃ ሲወርድ እንዳይንጫጫና አጠገብ የተኛውን እንዳይቀሰቅስ ጎድጓዳውን አዘንብሎ ሠራው። ይኼ ቅንጦት ነው?

ጡብ በጡብ፦ ቅንጦት አላልኩም። ግን አርክቴክቶች ሁሉን ነገር በንድፍ ትፈታላችሁ። አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ የነበረውን ፕሩት-አይጎ የሚባል የኪራይ ቤቶች መንደር አስታውሱ። 33 ሕንፃ፣ እያንዳንዱ 11 ፎቅ። ብርሃንና ንጹሕ አየር ታስቦ የተሠራ ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ1972 ማፍረስ ጀመሩ። ሰው ሁሉ «ንድፉ ነው የገደለው» ይላል። የጥገናው ገንዘብ ግን ከተከራዮች ኪራይ ነበር የሚወጣው። ተከራዩ ሲደኸይና ሲለቅ ጥገናው ቆመ። ባዶ ኪስ የገደለውን ቤት በመስኮት አታድኑትም።

መምህር ነበርኩ፦ ልጄ፣ ግማሹን ልክ ብለሃል። ግን እዚያው ፕሩት-አይጎ ሊፍቱ ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ በየሦስት ፎቁ ብቻ ነበር የሚቆመው። ሌላው ነዋሪ ቀሪውን በጨለማ ደረጃ ይሄዳል፣ ዘራፊም እዚያው ይጠብቀዋል። ድህነቱ ነበረ፤ የት እንደሚያደባ ቦታውን ያሳየው ግን ንድፉ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አርሊን ብሮንዛፍት የምትባል ተመራማሪ ኒውዮርክ ውስጥ በባቡር ሐዲድ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት አጠናች፤ 1975 ላይ ነው ያሳተመችው። ያው ትምህርት ቤት፣ ያው ሰፈር፣ ልዩነቱ የክፍሉ አቅጣጫ ነው። በሐዲዱ በኩል የሚማሩት ልጆች በንባብ ከማዶዎቹ ኋላ ቀሩ። ትልልቆቹ ዘንድ ልዩነቱ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። በኋላ ሐዲዱ ሥር ጎማ ገባ፣ ክፍሎቹም ድምፅ የሚውጥ ጣሪያ ተሠራላቸው። ልዩነቱ ጠፋ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ «ሰነፍ» ያልኳቸው ልጆች የት ይቀመጡ እንደነበር አሁን አሁን እያሰብኩ ነው።

ተጠራጣሪው፦ መምህር፣ ይቺ ጥናት ከኡልሪክ ትሻላለች፣ ተቀብያለሁ። ግን መኝታ ክፍል ለመተኛት ነው። ቀን ቀን ሰው ውጭ፣ አደባባይ ላይ ይዋል።

የማታ ተረኛ፦ የትኛው አደባባይ? ሰው እንዳይጋደምበት አግዳሚው መሀል ላይ ብረት የተተከለበት? በሌሊት ፈረቃ የሚሠራውስ ቀን ነው የሚተኛው፤ ፀሐዩን መቼ ያግኘው?

ማዕዘን፦ ጡብ በጡብ፣ አንድ ጥያቄ። አንተ የምትተኛበት ክፍል መስኮት አለው?

ጡብ በጡብ፦ አለው። የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፣ እጄን ብዘረጋ ልነካው ምንም አይቀረኝ። ምንም አይታይበትም። ዝናብ መጣሉን የምሰማው ግን በእሷ ነው። ሌሊት ጠብ ጠብ ሲል ሳይት ላይ ክፍቱን የተውኩት ሲሚንቶ ትዝ ይለኝና ተነስቼ እደውላለሁ። ሕጉን አሁንም አልደግፍም።

መምህር ነበርኩ፦ መስኮቷን ግን አትደፍናትም።

ጡብ በጡብ፦ አልደፍናትም፣ ጋሼ።