በግማሽ ሰዓት የሰው ጭንቅላት ይታያል?

ቡሬ መጋዘን፦
ጤና ይስጥልን። ቡሬ ላይ በቆሎ፣ ስንዴና በርበሬ የምንሰበስብበት መጋዘን አለን። ሚዛን ላይ የሚቆም፣ ደረሰኝ የሚቆርጥና ቢን ካርድ (የእህሉን ገቢ፣ ወጪና ቀሪ መመዝገቢያ) የሚሞላ አንድ ሰው እንፈልጋለን። 14 ሰው አመልክቷል፤ ለአንዱ ከግማሽ ሰዓት በላይ መስጠት አልችልም። ሸሪኬ «ሰው ገና ከበር ሲገባ ይታወቀኛል» ባይ ነው። የእኔ ስጋት ምላሰኛውን ብልህ፣ ጭምቱን ደነዝ ብለን እንዳንሸኝ ነው። ሲያዩት ፈዛዛ የሚመስል፣ ሥራ ላይ ግን እሳት የሆነ ሰው ሞልቷል፤ ተቃራኒውም እንደዚያው። በዚች ግማሽ ሰዓት ምን ብጠይቅ፣ ምኑን ባይ ይሻላል?

ጨሞጋ፦
ሸሪክህ ምንም አያይም አልልም። የሚያየው ግን ጭንቅላት አይደለም፤ ልብስ፣ ቁመና፣ ድፍረትና የሰላምታ አሰጣጥ ነው። ክፋቱ አንዱ ሌላውን እየጎተተ መምጣቱ ላይ ነው። ቶርንዳይክ የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ይህንኑ ጽፎበታል። የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ነጥብ ሲመረምር፣ በቁመናው ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘው በአስተዋይነቱም፣ በመሪነቱም፣ በጠባዩም ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ነጥቦቹ ከሚገባው በላይ ተያይዘዋል። መኮንኖቹ አራት ነገር የለኩ መስሏቸው አንዱን ነገር አራት ጊዜ ለክተዋል።

መነጽርም እንዲሁ ነው። አርጋይልና ማክሄንሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳዩት፣ ሰውን ለ15 ሰከንድ ብቻ ያዩ ሰዎች መነጽር ያደረገውን የበለጠ ብልህ አደረጉት፤ አምስት ደቂቃ ሲያወራ ያዩት ዘንድ ግን የመነጽሩ ጉርሻ ጠፋ። እንግዲህ ከበር የተገኘችውን ግምት ወሬ ሊያርማት ይችላል፤ ግን ወሬው እንዲሁ የሻይ ቤት ጨዋታ ከሆነ መነጽሩን ትተህ ምላሱን ትሸልማለህ።

ስለዚህ አራት ጥያቄ ቀድመህ ጻፍ፤ ለ14ቱም በዚያው ቃልና በዚያው ተራ ጠይቅ። ለየጥያቄው 1፣ 3 እና 5 የሚያሰጠው መልስ ምን እንደሚመስል ከመጀመሪያው ሰው በፊት ወረቀት ላይ አስፍር። ይህ ካልተደረገ ሦስት ደካማ ተከታትሎ ሲገባ አራተኛው መካከለኛ ሰው ሊቅ ይመስልሃል፤ አምስተኛው ላይ ስትደርስ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይቀያየራል። አንተና ሸሪክህ ሳትነጋገሩ ለየብቻ ነጥብ ስጡ፤ ወረቀቱ ከተለዋወጠ በኋላ ብቻ ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የሳኬትና የባልደረቦቹ ክለሳ እንደሚገምተው፣ እንዲህ ወጥ የሆነ ቃለ መጠይቅ ከሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና 0.42 ነው፤ እንደመጣለት የሚጠየቀው 0.19 (0 ማለት ምንም፣ 1 ማለት ፍጹም ነው)። 0.42ም ቢሆን ከ1 ሩቅ መሆኑን አትርሳ።

ሚዛን ጠባቂ፦
ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን ሥራ አሠራው። 10 ደቂቃ ይበቃል። ይችን ደረሰኝ ጽፈህ ስጠው፦ በቆሎ፣ ሦስት የቃጫ ጆንያ፣ ከነጆንያው 101፣ 99.5 እና 100.5 ኪሎ፤ የባዶው ጆንያ ክብደት እያንዳንዱ 1 ኪሎ፤ የኩንታሉ ዋጋ 4,000 ብር (ለፈተና ነው፣ በገበያው አትጣሉኝ)፤ ለገበሬው የሚከፈል 12,040 ብር። «ይህን ደረሰኝ ፈርምበት ብልህ ትፈርማለህ?» በለው፤ ሌላ ነገር አትጨምር።

ትክክለኛው 11,920 ነው። 301 ኪሎ ከነጆንያው ነው፤ 3 ኪሎ ጆንያ ሲወጣ 298፤ በ40 ብር 11,920። ልዩነቷ 120 ብር ናት። ስልኩን አውጥቶ 301 በ40 አባዝቶ «ልክ ነው» የሚልህ ሰው ሒሳብ አላቃተውም፤ ያቃተው ወረቀቱን ማንበብ ነው። ሚዛን ላይ የሚያከስርህም እሱ ነው። ሳያሰላ «ጆንያው ተቀንሷል ወይ?» ብሎ የጠየቀህን ግን፣ ማባዛቱን ቢሳሳት እንኳ፣ ከፍ ያለ ነጥብ ስጠው። ማባዛት በካልኩሌተር ይስተካከላል።

ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የማያውቀውን ነገር አስተምረህ እንዴት እንደሚቀበል ማየት ነው። ለዚህ የጨው ፈተናን የሚያህል የለም። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ በቆሎ ይሞላል፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመራል፤ ተከድኖ አንድ ደቂቃ በደንብ ይናጣል፤ 15 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው፣ ለመጋዘን አይሆንም። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ አሳየውና «እስቲ ደግመህ ንገረኝ» በለው። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ጣል አድርግ፦ «ክረምት ነው እንበል፤ ጨው ሁሉ ላይ ተለጠፈ። ገበሬውን ትመልሰዋለህ?» ነገሩ የገባው ሰው ጨው ራሱ እርጥብ ሊሆን እንደሚችል ይደርስበታል፤ ጨውን ምጣድ ላይ አድርቀን እንደገና እንሞክር ይላል፣ ወይም ደረቅነቱ በሚታወቅ እህል እናመሳክር ይላል። በቃሉ የያዘው ደግሞ «ተለጥፏልና አይገባም» ብሎ ይቆማል። እኔ ለዚች አንዲት መልስ የነጥቡን ግማሽ ብሰጥ አይከፋኝም።

ደብረ ኤልያስ ማዶ፦
ለጎጃም ሰው ይኼ እንግዳ ነገር ባልሆነ። ከቅኔ ቤቶቻችን ዋሸራም ይሁን ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ አንጠልጥሎ የመጣ የቆሎ ተማሪ በመልኩ አይመዘንም፤ የሚመዘነው በሚቆጥረው (ራሱ በሚደርሰው) ቅኔ ነው። የግእዝ ግስና አገባብ ይማራል፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ እስኪደርስ የቆጠረውን ለመምህሩ እየነገረ ይታረማል። ከዚያ ነገራ ለቃለ መጠይቅ የሚወሰድ ብዙ አለ።

አንደኛ፣ ግስ በቃሉ ያንበለበለ ሁሉ ቅኔ አይቆጥርም። «ራሴን ላስተዋውቅ» ብሎ ሳይተነፍስ የሚወርድ አመልካች ግስ እያወረደልህ ነው። አቋርጠህ «ታታሪ ነኝ ያልከውን በአንድ ቀን ሥራ አሳየኝ» በለው። ሁለተኛ፣ የተዋሰው ቅኔ የሚታወቀው ሰሙንና ወርቁን ለይ ሲባል ነው፤ የሰው መልስ ይዞ የመጣም «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ሲባል ይሰናከላል። ሦስተኛው ትልቁ ነው፦ መምህሩ አንድ ጊዜ ያረመው ስሕተት ይደገማል ወይ? ደረሰኙን ሲሳሳት አርመው፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያቺኑ ስሕተት ሌላ ልብስ አልብሰህ አምጣለት።

ደግሞም እኛ ዘንድ የነገር ብልጠት ክብር አለው፤ ኅብረ ቃል (ሁለት ትርጉም ያዘለ ቃል) የወረወረ ሁሉ አዋቂ ይመስለናል። ሚዛን ላይ ኅብረ ቃል አይፈለግም፤ የሚፈለገው አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ቁጥር ነው።

የእንጅባራ ልጅ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ሆኖ በአንድ ነገር ሊበላሽ ይችላል፤ ጨዋነትን ድንዛዜ ብላችሁ ካነበባችሁት። የፈረንጆቹ ጥናት «ብልህ ምሰሉ» የተባሉ ሰዎች እያወሩ የአድማጩን ዓይን እንደሚያዩና በዚህም እንደሚሳካላቸው ይናገራል (መርፊ፣ እ.ኤ.አ. 2007፣ አሜሪካ)። ከገጠር ቀበሌ የመጣች ልጅ ግን ቀጣሪዋን ትክ ብላ ካየች ድፍረት ነው የሚባልባት፤ አንገቷን ደፍታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትመልሳለች። ይህን ከነጥብ ወረቀቱ ጨርሶ አውጡት።

«እሽ»ንም ተጠንቀቁ። «ገባህ?» ካላችሁት «እሽ» ይላል፤ ባይገባውም «እሽ» ይላል፤ ትልቅ ሰው አይቃወሙም። «ገባህ?» የሚል ጥያቄ ከወረቀቱ ይሰረዝ፤ በእሱ ቦታ ሚዛን ጠባቂ ያለው «ደግመህ ንገረኝ» ይግባ። ቢቻል በእጁ ያሳያችሁ።

አዊ ውስጥ ያደገ አመልካች አፉን የፈታው በአገውኛ ሊሆን ይችላል። መልሱ ከመምጣቱ በፊት ዝም የሚለው እየተረጎመ ነው። ጥያቄ ጠይቃችሁ በሆድ እስከ 10 ቁጠሩ፤ ዝምታው ከብዷችሁ ራሳችሁ መልሱን እንዳታቀብሉት። አማርኛው ተሰበረ ብላችሁም ነጥብ አትቀንሱ፤ ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ቁጥርና የእህል ስም ነው።

ሰዓቱስ? ረቡዕና ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት የገባው ሰው እህል ሳይቀምስ ነው የሚፈተነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ከገባው ጋር አይወዳደርም። ሁሉንም ጠዋት ጨርሱ፣ ካልሆነ በፍስክ ቀን አድርጉት፤ በእግሩ ለመጣው 10 ደቂቃ ማረፊያ ስጡት።

ቡሬ መጋዘን፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረችኝ። ሁለቱ አመልካቾች ዲፕሎማ አላቸው፤ ሸሪኬ ሌላውን ትተን በቀጥታ እነሱን እንያዝ ይላል። ሌላው፣ ሁለት ሰው እኩል ነጥብ ቢያመጣስ?

ጨሞጋ፦
ዲፕሎማው በሒሳብ አያያዝ ከሆነና ሥራው እሱን የሚጠይቅ ከሆነ እሺ። በደፈናው «ብዙ ተምሯል፣ ብልህ ነው» ከሆነ ግን ደካማ ምልክት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የሽሚትና የሀንተር ስሌት የትምህርት ዓመት ብዛት ከሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና 0.10 ብቻ ነበር። ማስረጃውን ደረሰኙን ከሠሩ በኋላ ክፈተው እንጂ በፊት አትክፈተው፤ በፊት ካየኸው ስሕተታቸውን «ተደናግጠው ነው» እያልክ ታልፍላቸዋለህ።

እኩል ለመጣው፣ ቢን ካርድ ስጠው። ከወጪ ቀሪ 42 ኩንታል፣ ገቢ 17.5፣ ወጪ 23፣ የተጻፈው ቀሪ 35.5። ልኩ 36.5 ነው። ስሕተቱን ማግኘቱ ብቻ አይበቃህም፤ ካገኘ በኋላ ቁጥሩን ሰርዞ ዝም ይላል ወይስ አንዱ ኩንታል መጋዘን ውስጥ መኖሩን በቆጠራ ላረጋግጥ ይላል? ሁለተኛውን ያዝ። ከዚያም በኋላ የሙከራ ጊዜ አለህ፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፣ ግን ውሉ ላይ በጽሑፍ ካልሰፈረ የለም ማለት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ከተሠራ 10 ሳምንት ይሆናል፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሚዛኑን፣ ደረሰኙንና ካርዱን አመሳክር።

ሚዛን ጠባቂ፦
አንድ የረሳሁት። 14ቱንም በአንድ ደረሰኝ እንዳትፈትን። የመጀመሪያው እንደወጣ ውጭ ለተቀመጡት «ጆንያውን ቀንሱ» ብሎ ይነግራቸዋል፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ሁሉም ሊቅ ይሆንልሃል። ሦስት ዓይነት አዘጋጅ። ሁለተኛው ላይ ክብደቱን 97፣ 102.5 እና 99 አድርገው፤ የተጻፈው 11,940፣ ልኩ 11,820 ብር። ሦስተኛው ላይ ጆንያው በትክክል ይቀነስ፣ ስሕተቱ የክብደቱ ድምር ላይ ይሁን። ያን ጊዜ የተነገረውን ይዞ የገባው የተቀነሰውን ጆንያ ሁለተኛ ሲቀንስ ታየዋለህ።